ራዲዮን የቀረጽኩበት ክረምት

ሰኞ 3

ዝናቡ ዛሬ ገባ። የኤዲቲንግ ክፍላችን ጣሪያ ቆርቆሮ ስለሆነ ከሰዓት በኋላ ሥራ የለም። ማዳመጫውን ጆሯችን ላይ ብንለጥፈውም ዝናቡ ከፊልሙ በላይ ያወራል።

ፕሮዲውሰሩ ደወለ። ፌስቲቫሉ የላክነውን ቅንጫቢ ወዶታል። በሚቀጥለው ወር አጋማሽ ካደረስን ቦታ ይሰጡናል። ደስታዬን ሳልጨርስ "አንድ ነገር ብቻ" አለኝ። እሱ "አንድ ነገር ብቻ" ካለ አንድ ሆኖ አያውቅም።

"ሰውዬው አያለቅስም እኮ። ጆሮው ጠፍቶ፣ ኑሮው ተገልብጦ፣ ቁጭ ብሎ ይቀልዳል። ተመልካቹ ምኑን ይያዝ?"

ሰውዬው ወንድሜ ነው። ታላቄ ስለሆነ ወንድም ጋሼ ነው የምለው። ፀጉር አስተካካይ ነው። ሠፈሩ ደግሞ "ራዲዮ" ይለዋል፤ ወንበሩ ላይ የተቀመጠ ሰው ፀጉሩን ብቻ ሳይሆን ዜናውን፣ ሐሜቱንና ኳሱን ጨምሮ ነው ተቀብሎ የሚነሳው። ካቻምና ማጅራት ገትር ያዘው። አበቃለት ሲባል ተረፈ፤ ጆሮዎቹ ግን አልተረፉም። ሁለቱም።

ያኔ ነው መቅረጽ የጀመርኩት። የሰው ሰርግ ስቀርጽ ነው የኖርኩት። የኔ የምለው ፊልም ይሄ የመጀመሪያዬ ነው። ትረካውንም የማነበው ራሴ ነኝ፤ ከኔ በላይ እሱን ማን ያውቀዋል?

ደግሞም ለሱ ብዬ ነው። ይሄን ማንም አይረዳልኝም።

ሐሙስ 6

ቀኑን ሙሉ ፀጉር ቤቱ ውስጥ ስቀርጽ ዋልኩ። ለደንበኞቹ ፊልሙ ስለ ፀጉር ቤቱ ነው ብለናቸዋል። ስለ ጆሮው "ትንሽ ከበድ ብሎት ነበር፤ እየተሻለው ነው" ይባላል። እማዬ ከዚህ ሌላ ቃል ከቤት እንዲወጣ አትፈልግም።

ወንድም ጋሼ ድሮ ከሚያወራው እጥፍ ያወራል። ሰው በሩን ሳይዘጋ ይጀምርና ጨርቁን አራግፎ እስኪሸኘው አያቆምም። አንዲት ቃል ጣልቃ የሚያስገባበት ቀዳዳ እምብዛም አይሰጥም። መንፈሱ እንዳልተሰበረ ከዚህ በላይ ምን ማሳያ አለ?

ከሰዓት በኋላ አንድ ጎልማሳ "ጎን ጎኑን ብቻ ነካ ነካ አድርገው" አለው። ወንድም ጋሼ ስለ ኳስ እያወራ የፀጉር መቁረጫውን ቶንዶስ ከግንባሩ መሃል አስነሳው። እኔ ከካሜራው ጀርባ "ጎኑን ብቻ ነው ያለህ!" ብዬ እጄን አወዛወዝኩ። ቀና ብሎ ሲያየኝ ግን ቶንዶሱ አናት ደርሶ ነበር። ሰውዬው መስታወቱን አይቶ ክው አለ።

"ራዲዮ ዛሬ ሞገድ አልያዘለትም!" አለ አንዱ ተራ ጠባቂ። ቤቱ በሳቅ አውካካ። ወንድም ጋሼ በመስታወቱ ውስጥ የሁሉንም ፊት ተራ በተራ አየና አብሮ ሳቀ። ከሁሉም በላይ አስረዝሞ ሳቀ።

ቆንጆ ሾት። በራሱ ላይ መሳቅ የሚችል ሰው!

አርብ 7

ኤዲተሩ ነጭናጫ ነው። ወንድም ጋሼ "ቆራጩ" ብሎ ስም አውጥቶለታል፤ "እኔም ቆራጭ እሱም ቆራጭ፣ ልዩነታችን የኔ መልሶ ይበቅላል" ይላል።

ቆራጩ ዛሬ ምን አለኝ? "ድምፅሽ የሌለበት ሾት የለም። ሰው ወንድምሽን ይጠይቀዋል፣ አንቺ ትመልሺያለሽ።"

ታዲያ ማን ይመልስለት? ሰው አፉን ከፍቶ ይቅር? በሙዚቃ እንሸፍነዋለን አልኩት።

እሁድ 9

ምሳ እማዬ ቤት። ካሜራውን መደርደሪያው ላይ አስቀምጬ ለቀቅኩት። ስለ ጎረቤት፣ ስለ አክስቴ ጉልበት፣ ስለ ጣሪያው ፍሳሽ ስናወራ ቆየን። ወንድም ጋሼ ዝም ብሎ በላ። የተናገረውን ሰው ለማየት ዞር ሲል ሌላው ተናግሮ ይጨርሳል።

"ምን አላችሁ?" አለ አንዴ።

"ምንም አይደል፣ በኋላ እነግርሃለሁ" አልኩት፣ በአፌና በእጄ።

ትንሽ ቆይቶ ደግሞ "ምንድን ነው?" አለ። እማዬ ጆሮው ሥር ጠጋ ብላ "ጣ-ሪ-ያ-ው!" ብላ ጮኸች። ትጮኽበታለች እንጂ አይሰማም ተብሎ ለማንም እንዲወራ አትፈቅድም። "ሐኪም ምን ያውቃል፣ ቀስ በቀስ ይከፈታል" ትላለች። ባለፈው ዓመት አንዲት ነርስ የምልክት ቋንቋ ቢማር ስትላት እማዬ "ልጄ እጁን እያወናጨፈ መንገድ ላይ ሊታይ?" ብላ በሩን ዘጋችባት።

ከምሳ በኋላ ወንድም ጋሼ "ጓደኛ ጋ ልሂድ" ብሎ ወጣ። እሁድ እሁድ ይወጣል፣ ቅዳሜም ከሰዓት ሱቁን ዘግቶ ይወጣል። የትኛው ጓደኛ እንደሆነ ጠይቄው አላውቅም። ሰው አግኝቶ ከሆነ ጥሩ ነው።

ማክሰኞ 11

ፕሮዲውሰሩ፦ "አሁን ያለው ምን መሰለሽ፤ የታመመ ሰው ነው። ማንነቱ የለም። ሰውዬው ድሮ ራዲዮ ነበር፤ አሁን ማን ነው? እሱን አምጪልኝ።"

ስልኩን ዘግቼ ለራሴ ሰደብኩት። ከዚያ በላይ ያናደደኝ እውነቱን መሆኑ ነው።

ቅዳሜ 15

ማታ ነው። ተናድጄ ነው የምጽፈው።

ወንድም ጋሼ ሱቁን ሲዘጋ ተከተልኩት። ለፊልሙ ነው፤ ሰው የት እንደሚውል ሳያውቁ ፊልም አይሠራም። ከገበያው ጀርባ፣ ጎማ ቤቱን አልፎ፣ አንድ አሮጌ ቤት ገባ። በሩ ላይ "መስማት የተሳናቸው ማኅበር" ይላል።

በሩ ገርበብ ብሏል። ውስጥ ሃያ የሚሆኑ ሰዎች ክብ ሠርተው ተቀምጠዋል፤ መሃሉ ላይ ወንድም ጋሼ ቆሟል። እጆቹ! እንደዚያ ሲሄዱ አይቼ አላውቅም። ቶንዶሱን፣ ወፍራም ደንበኛውን፣ ጨርቁ አንገቱን ያነቀውን ሰውዬ፣ ሁሉንም በእጁና በፊቱ ይሠራል። ሰዉ በሳቅ ይንፈራፈራል። አንዲት ሴትዮ ወንበሩን ትደበድባለች።

ራዲዮ እዚያ ነበር።

አንዲት ሴት በሩ ላይ አየችኝና ወጣች። አስተማሪያቸው ናት። እሷ ትሰማለች፤ እናትና አባቷ ግን አይሰሙም ነበር፣ በምልክት ነው አፍ የፈታችው። "እህቱ ነሽ አይደል? ዓመት ሊሞላው ነው እኮ እዚህ መምጣት ከጀመረ። በጣም ጎበዝ ነው" አለችኝ። ዓመት! ዓመት ሙሉ ስቀርጸው!

ወንድም ጋሼ መጣ። ትከሻዬ ላይ ያለውን ቦርሳ አየ።

"ካሜራ ነው?"

"ወንድም ጋሼ፣ ለምን አልነገርከኝም? ፊልሙ እኮ ይሄ ነው!"

ከንፈሬን አየ። የገባው ይመስለኛል። "እዚህ ካሜራ አይገባም" አለ።

"ለምን?"

"እዚህ ማንም አያዝንልኝም። አንቺ ካሜራሽን ይዘሽ ከገባሽ እዚህም የታመምኩ እሆናለሁ።" ድምፁ ለራሱ ስለማይሰማው ከፍ ይላል፤ ጎማ ቤት ያሉት ሁሉ ዞረው አዩን። "ለእማዬ እኔ ራሴ በጊዜው እነግራታለሁ። አንቺ እንዳትነግሪያት።"

እሺ አልኩ። ምን ልበል?

ሰኞ 17

ንዴቴ አልበረደም። እኔ ሥራ አቁሜ፣ ሰው ለምኜ፣ ስለሱ ፊልም እሠራለሁ፤ እሱ ለማላውቃቸው ሰዎች የሚያሳየውን ፊት ለኔ ደብቆ ጆሮው የጠፋ ምስኪን ብቻ ሰጠኝ።

ለፕሮዲውሰሩ ነገርኩት። መንገር አልነበረብኝም። "ፊልሙ ያለው እዚያ ነው!" ብሎ ጮኸ። "ካሜራ አይገባም ነው ያለሽ፣ ከውጭ አትቅረጪ አላለሽም። መንገድ ላይ መቆም የሚከለክልሽ አለ?"

ሐሙስ 20

ተቀረጸ። ከማኅበሩ ፊት ለፊት ካለው ፎቅ ደረጃ ላይ፣ በረጅሙ ሌንስ። እዚያ ሐሙስም ይሰበሰባሉ። መስኮቱ ዝናብ ነበረበት። በጠብታው ውስጥ እጆች ብቻ። ቢጫ ሹራብ የለበሰች ሴት ትናገራለች፣ ሌሎቹ ከበዋታል፣ ከዚያ ወንድም ጋሼ አንድ ነገር ይላል፣ ሁሉም ይስቃሉ፣ እሷም እንባዋን እየጠረገች ትስቃለች። በሕይወቴ ከቀረጽኩት ሁሉ የሚያምረው ይሄ ነው።

ውስጥ አልገባሁም። ከመንገድ ነው። መንገድ የሁሉም ነው።

ሲያየው ይገባዋል።

ማክሰኞ 25

ሩጫ። ቅዳሜ የሙከራ ዕይታ። እማዬ፣ ወንድም ጋሼ፣ ፕሮዲውሰሩ፣ ጥቂት የሙያ ሰዎች።

በመስኮቱ ትዕይንት ላይ ደስ የሚል ሙዚቃ አደረግንበት። ቆራጩ ሦስት ነገር ጠየቀኝ። "ፈቅዷል?" ነግሬዋለሁ ማለት ይቻላል። "እናትሽስ ያውቃሉ?" ስታየው ልቧ ይራራል፣ ከማውራት ማሳየት ይሻላል። "ንግግሩን ስክሪኑ ላይ የሚያስነብበው የግርጌ ጽሑፍስ?" እሱ መጨረሻ ላይ፣ ለውጭ በሚላከው ቅጂ። አሁን ማን ጊዜ አለው።

ቅዳሜ 29

አንድ በአንድ ልጻፈው። ካልጻፍኩት ነገ ለራሴ በሚመቸኝ መንገድ ነው የማስታውሰው።

ወንድም ጋሼ ሸሚዙን ተኩሶ፣ ጺሙን ራሱ አስተካክሎ መጣ። እማዬ አጠገቡ የፊት ወንበር ላይ ተቀመጠች። መብራት ጠፋ። ትረካዬ ጀመረ፦ "ወንድሜ በአንድ ወቅት ይሰማ ነበር..." ድምፄ ጥሩ ወጥቷል። ሰዉ ፀጥ ብሎ ሰማ።

ፀጉር ቤቱ ላይ ሳቁ። የሞገዱ ቀልድ ላይማ ፕሮዲውሰሩ እግሩን መታ። ወንድም ጋሼ ወደ ኋላ ዞረ። የሚስቁትን ሰዎች አየ፣ ስክሪኑን አየ፣ እንደገና ሰዎቹን አየ። ፊቱ ላይ የነበረው ፈገግታ እንዳለ ነበር፣ ስለዚህ ወዶታል ብዬ አሰብኩ። እንደዚያ ነው ያሰብኩት።

ከዚያ መስኮቱ መጣ።

ተነሳ። ከፕሮጀክተሩ ፊት ቆመ፤ የነዚያ ሰዎች እጆች ደረቱና ፊቱ ላይ ይንቀሳቀሱ ነበር። እማዬ "ይሄ ምንድን ነው? የኔ ልጅ ነው? ምን ሆኖ ነው እንዲህ የሚያወናጭፈው?" ትላለች። "አጥፉት!" አልኩ። ቆራጩ አጠፋው።

ወንድም ጋሼ ጨለማው ውስጥ ተናገረ። በጣም ጮክ ብሎ፣ እንደሁልጊዜው።

"እስከ አሁን ያየሁት ምንም አልገባኝም። የሚያወራው ማን እንደሆነ አላውቅም፤ አፉ አይታይም። ሰዉ ሳቀ። በምን ነው የሳቁት? በኔ ነው?"

መልስ ቢሰጠውም መብራት ስላልነበረ አያየውም።

"ይሄኛው ግን ገባኝ" አለ። "ቃል በቃል ገባኝ። እንዴት ይሄን ታሳያለሽ?"

ወጣ። እማዬ ጃንጥላዋን ረስታ ተከተለችው። አንድም የግርጌ ጽሑፍ አልነበረም። ስለሱ በተሠራ ፊልም ላይ አንድም!

እሁድ 30

አልወጣሁም። አልበላሁም። ስልኬን አጥፍቻለሁ።

ግን ቃል በቃል ሲል ምን ማለቱ ነው?

ሰኞ 1

ፕሮዲውሰሩ ቢሮው ጠራኝ። የተቆጣ መስሎኝ ነበር። ዓይኑ ያበራል። "ተነስቶ የተናገረውን ቀረጽሽው? ፊልሙን የሚዘጋው እሱ ነው!"

"አልቀረጽኩም" አልኩት።

"ወይኔ! ወይኔ!"

ልደበድበው ደርሼ ነበር። የተናደድኩት በጥያቄው አይደለም። ወንድም ጋሼ ጨለማው ውስጥ ሲናገር እኔም ካሜራው የት ነው ብዬ ዞሬ ስለነበር ነው።

ሐሙስ 4

ፀጉር ቤት ሄድኩ። ከሱ ጋር መጣላት ምን እንደሆነ እስከ ዛሬ አላውቅም ነበር። ሌላ ሰው ቢያኮርፍ ከጀርባው ሆነህ ትለምነዋለህ፣ ይሰማሃል። እሱ ፊቱን ካዞረ በቃ፣ ነገሩ አለቀ። በግራ ስዞር ወደ ቀኝ ያያል፣ በመስታወቱ ልይዘው ስል ዓይኑን ደንበኛው አናት ላይ ይተክላል። "ወንድም ጋሼ!" ብዬ ጮኽኩ። ተራ ጠባቂዎቹ ደነገጡ፣ እሱ አልሰማም።

በወረቀት "ይቅርታ፣ ፊልሙ ላይ የግርጌ ጽሑፍ አደርጋለሁ" ብዬ ጽፌ መደርደሪያው ላይ አስቀመጥኩለት። አነሳው። ሳያነበው የምላጩን አረፋ ጠረገበት።

ስወጣ አስተማሪዋ ደወለችልኝ። "ቅዳሜ ነይ። ማኅበሩ ሊያነጋግርሽ ይፈልጋል። የቀረጽሽውንም ይዘሽ ነይ" አለች።

ቅዳሜ 6

ክቡ ውስጥ አንድ ወንበር ለኔ ትተዋል። ወንድም ጋሼ ከበሩ አጠገብ ቆሟል። ሃያ ሰው በአንድ ጊዜ ያወራል፣ እኔ አንዱንም አላውቅም። አስተማሪዋ አልፎ አልፎ ትተረጉምልኛለች። አንዳንዱን ደግሞ "ይሄ ላንቺ አይደለም" ትለኛለች።

በዕድሜ የገፉ ሴትዮ ተነሱ። አስተማሪዋ ድምፅ ሆነቻቸው።

"በመስኮቱ የቀረጽሽው ላይ ምን እየተባባልን ነበር?"

"እ... አላውቅም። እጆቻችሁ በጣም ያምሩ ስለነበር ነው።"

"እጅ አይደለም እኮ ልጄ። ንግግር ነው።"

ቢጫ ሹራብ የለበሰችው ሴት ክቡ ውስጥ የለችም። አስተማሪዋ ቀስ ብላ ነገረችኝ። ያን ሐሙስ ሴትየዋ ባሏን ልትለቅ መወሰኗን ነበር የምትነግራቸው። ልጆቿን ይዛ የት እንደምትሄድ፣ መቼ እንደምትወጣ፣ ሁሉንም። ባልየው አያውቅም። እሱም አይሰማም። ፊልሙ የትም ይታይ፣ ምልክት የሚያውቅ ሰው ሁሉ ያነበዋል። ባሏም።

እኔ ሙዚቃ አድርጌበታለሁ። ደስ የሚል ሙዚቃ።

"ወንድሜ ያሳቃችሁስ በምን ነበር?" አልኩ፣ ምን እንደምል ጠፍቶኝ።

"ፈርታ ስታለቅስ 'ሻንጣሽን እኔ እሸከማለሁ፣ የት ሄደች ብለው ቢጠይቁኝ አልሰማሁም እላለሁ' አላት። ለዚያ ነው የሳቅነው" አሉ ትልቋ ሴትዮ።

ቀረጻው ይጥፋ ወይስ ይቆይ ብለው ድምፅ ሰጡ። የሁሉም እጅ አንድ ላይ ወጣ። የወንድም ጋሼም። እዚያው ፊታቸው አንድ በአንድ አጠፋሁት፤ ቆራጩ ጋ ያለውንም ደውዬ አስጠፋሁ። ትልቋ ሴትዮ መጨረሻ ላይ ሁለት ጣቶቻቸውን አጥፈው ከዓይናቸው ፊት አደረጉና እንደሚያሾልቅ ሰው አንገታቸውን ሰገግ አደረጉ። ክቡ በሙሉ ሳቀ። "ስም አወጡልሽ" አለች አስተማሪዋ። "በመስኮት የምታሾልቀው።"

ወንድም ጋሼ ሊስቅ ሲል ከንፈሩን ነከሰ። አይቼዋለሁ።

ረቡዕ 10

ፕሮዲውሰሩ ከፊልሙ እጁን አወጣ። "ያለዚያ ትዕይንት ፌስቲቫሉ አይወስደውም፤ ለምን እንደጠፋም አልገባኝም" አለ። ስለ ባልየው ነገርኩት። "ፊቷን ማደብዘዝ ይቻል ነበር" አለ። እጇስ? አልኩት።

ይሄ ሁሉ ክረምት! ጫማዬ በስብሷል፣ ጀርባዬ ተቀጥቅጧል፣ እጄ ላይ የቀረው ወንድሜ የማይወደው፣ እናቴ የተጣላችኝበትና ማንም የማያሳየው ግማሽ ፊልም ነው።

ማታ እማዬ ደወለች። ልትቆጣኝ መስሎኝ ስልኩን ከጆሮዬ አራቅኩት።

"እዚያ ሲኒማሽ ላይ" አለች፣ "ይስቅ ነበር አይደል?"

"አዎ እማዬ።"

"ከታመመ ወዲህ እንደዚያ ሲስቅ አላየሁትም። እኔ ጋ የሚስቀው ሌላ ነው። ቤቱ የት ነው? እነዚያ ሰዎች ያሉበት።"

"ገበያው ጀርባ። ላድርስሽ?"

"ማን አድርሺኝ አለሽ። ጃንጥላዬን ብቻ መልሺልኝ።"

እሁድ 14

ወንድም ጋሼ ሳይነግረኝ ኤዲቲንግ ክፍሉ መጣ። እርጥብ ኮቱን ሰቅሎ ከቆራጩ አጠገብ ተቀመጠ። "ድምፁን አጥፉና ከመጀመሪያ አሳዩኝ" አለ።

ድምፅ ሳይኖር ፊልሜ ምን ይመስላል? አንድ ሰው ከኋላው፣ ከጎኑ፣ በበር ቀዳዳ፣ ሲተኛ፣ ሲያዛጋ። ድምፄ ሲነሳ የቀረው ያ ብቻ ነው። እኔ ራሴ ለማየት አፈርኩ።

ትረካው ያለበት ቦታ ላይ ስክሪኑ ላይ የተዘረጋውን የድምፁን ሞገድ በጣቱ አሳየ። "ይሄ ማን ነው የሚያወራው?"

ፊቴን እንዲያይ ዞሬ "እኔ" አልኩ።

"ስለ ማን?"

"ስላንተ።"

"የጠፋው ጆሮዬ ነው። አፍ አለኝ እኮ።"

ቆራጩ አንገቱን ደፋ። እኔ ተከራከርኩ። ትረካውን ካወጣን ፊልሙ ይፈርሳል፣ ሰው አይከተለውም፣ ሁለት ዓመት የጻፍኩት ነው አልኩ። ሁሉንም ግን ከንፈሬን ማየት ሲያቆም ነው ያልኩት፣ ስለዚህ ለቆራጩ ብቻ ነው የተከራከርኩት። ወጣ። ትረካው በሙሉ ወጣ። የሞገዱ ቀልድ ይቅር ስለው ግን እንቢ አለ። "ምን እንዳለ ጻፊልኝ" አለ። ጻፍኩለት። አነበበና መጀመሪያ ተኮሳተረ፣ ቀጥሎ ፈገግ አለ። "ጥሩ ቀልድ ነው። ይኑር። እኔ በምን እንደሳቅኩ አለማወቄም ይጻፍበት።"

ሊሄድ ሲል "ቅዳሜ ጠዋት ካሜራሽን ይዘሽ ሱቅ ነይ" አለኝ።

"ለምን?"

ኮቱን አንስቶ ወጣ። ስጠይቀው አላየኝም ይሆናል።

ሐሙስ 18

እማዬ ማኅበሩ ሄዳለች። ማንም አልነገረኝም፣ አስተማሪዋ ናት ያለችኝ። በር ላይ ቆማ "የራዲዮ እናት ነኝ" ብላ እየጮኸች ራሷን አስተዋውቃለች። ለማይሰሙ ሰዎች። አስተማሪዋ ስታወራኝ በሳቅ መናገር አቅቷት ነበር።

እኔም ሳቅኩ። ከስንት ቀን በኋላ።

ቅዳሜ 20

ሱቁ ሞልቷል። ወንድም ጋሼ ሥራ ሳይጀምር ከመስታወቱ ፊት ቆመና ወደ ሰዉ ዞረ። ዛሬ ሲቆም ከካሜራዬ ፊት ለፊት ነው የቆመው፣ ሆን ብሎ።

"ስሙኝ" አለ። "ጆሮዬ አይሰማም። ካቻምና ጀምሮ። ትንሽ ከበደው የሚባለው ውሸት ነው፣ ምንም አይሰማም፣ አይሻለኝም። ያን ሁሉ የማወራው ደግሞ እናንተ እንዳትጠይቁኝ ብዬ ነው። ከዛሬ ጀምሮ የምትፈልጉትን ፊቴን እያያችሁ፣ ቀስ ብላችሁ ንገሩኝ። ያልገባኝን ደግማችሁ ንገሩኝ። የሚያፍር ካለ ሌላ ፀጉር ቤት አለ።"

ወንበሩ ላይ የተቀመጡት የጭነት መኪና ሹፌር ናቸው፣ የድሮ ደንበኛው፣ ሽበታቸው ጆሯቸውን የሸፈነ። በመስታወቱ ውስጥ ወንድም ጋሼን አዩት።

"ታዲያ" አሉ፣ "ይሄን ሁሉ ጊዜ ስለ ልጄ ስነግርህ አልሰማኸኝም ማለት ነው?"

ወንድም ጋሼ ያሉትን አልያዘውም። ጎንበስ ብለው ነው የተናገሩት። አፌ ራሱ ተከፈተ፦ "ወንድም ጋሼ፣ እያሉህ ያሉት..."

እጁን ወደኔ አነሳ። "አንቺ ዝም በይ። እኔን ነው የጠየቁኝ።"

ዝም አልኩ። ሹፌሩ ወንበሩን አዙረው ፊት ለፊቱ ሆኑ። አሁን ቀስ ብለው ደገሙት። ወንድም ጋሼ ከንፈራቸውን አየ፣ ግንባሩን ቋጠረ፣ "ስለ ማን?" አለ። "ስለ ልጄ" አሉ ሦስተኛ ጊዜ።

"አልሰማሁም" አለ። "አንዲት ቃል አልሰማሁም።"

"እንዴ! 'አይዞዎት' ትለኝ ነበር እኮ!"

"ፊትዎ ሲከፋው አያለሁ። አይዞዎት እልዎታለሁ።"

እኔ አሁን ይነሳሉ፣ ጨርቁን ገፍፈው ይወጣሉ ብዬ ፈራሁ። ትከሻቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ። ሳቅ ነበር። "ለካስ ለዚህ ነው ያን ሁሉ ጊዜ ለማንም ሳትነግርብኝ የቆየኸው! ሠፈሩ በሙሉ ራዲዮ ምስጢር ጠባቂ ሆነ ሲል!" ሱቁ አብሮ ሳቀ። ይሄን ማንም አልደገመለትም። ወንድም ጋሼ ከሹፌሩ አፍ ራሱ ወሰደው፣ ትንሽ ዘግይቶ፣ ሁሉም ሊጨርሱ ሲሉ ብቻውን ሳቀ። የዛሬው ሳቁ አጭር ነበር። የዛሬው የሱ ነበር።

"ፀጉሩ ይቆይ" አሉ ሹፌሩ። "ከመጀመሪያው ልንገርህ።"

ወንድም ጋሼ ቶንዶሱን አስቀምጦ በርጩማ ሳበና ጉልበታቸው ጋ ተቀመጠ። ተራ ጠባቂዎቹ አንዳቸውም አላጉረመረሙም። ሰውዬው የልጃቸውን ስም ጠርተው ጀመሩ።

እዚያ ላይ ካሜራውን አጠፋሁ። ያሉትን ሁሉ ሰምቻለሁ። እዚህም አልጽፈውም።